«ለጊዜው ነው» የምንላት ክፍል



ስለ ቁጠባ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ልብስ፣ ስለ ስልክ ካርድና ወደ አገር ቤት ስለምንልከው ሐዋላ ነው። የምንተኛበት ክፍል ግድግዳ፣ ጣሪያና መስኮት ገንዘብ እያስወጣን መሆኑን ግን ልብ አንለውም። በጅዳም ሆነ በመካ ከአሠሪ ቤት ውጪ ተከራይተው በጋራ የሚኖሩ እህቶችን በሙቀቱ ወራት ከኪራዩ ቀጥሎ የሚያማርራቸው የመብራት ሂሳብ፣ ማለትም ፋቱራው ነው። ፋቱራው በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ይነሣል። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ የምትል አለች፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ የምትል አለች፤ ቀን ቀን ሥራ ውዬ ለማልኖርበት ለምን እከፍላለሁ የምትልም አለች። ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁልጊዜ ኤሲው ይብራ ወይስ ይጥፋ በሚለው ላይ ያበቃል። ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው ብላ የምትጠይቅ እምብዛም የለችም። ምክንያቱን ብንመረምር ከአንድ ቃል ላይ እንደርሳለን፦ «ይህ የእኔ ቤት አይደለም፤ ለጊዜው ነው።»

በእኛ አስተያየት «ለጊዜው ነው» የሚለው ቃል በስደት ኑሯችን ውስጥ ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጡን ነገሮች አንዱ ነው። ለሁለት ዓመት ብለን መጥተን አምስትና ስምንት ዓመት የቆየን ብዙዎች ነን። በዚያ ሁሉ ዓመት የተሰነጠቀው መስኮት በካርቶን ተሸፍኖ፣ ከበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት እያለ፣ በከፈልነው ገንዘብ ኮሪደሩንና ደረጃውን ስናቀዘቅዝ እንኖራለን።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ቃሉ ዝም ብሎ ከስንፍና የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የሳውዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ፍራሻቸውን፣ ቴሌቪዥናቸውንና ድስታቸውን እንደያዙት ጥለው የሄዱ ጥቂት አልነበሩም። ያንን ያየች ወይም የሰማች ሴት ለኪራይ ክፍል አንድ ሪያል ለማውጣት ብትፈራ አይፈረድባትም።

ስለዚህ «ቤታችሁን አሳምሩ» ብለን አንመክርም። የምንለው ሌላ ነው። ለክፍሉ የምናወጣው ወጪ ሦስት ነገሮችን ያሟላ፦ በዋጋው ጥቂት ይሁን፤ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ራሱን ይመልስ፤ ከተቻለም ክፍል ስንለቅ ጠቅልለን የምንወስደው ይሁን። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ሙቀትን መከልከል ከሁሉ ይቀላል። መጋረጃ ይጠቀለላል፤ ስፖንጅና ፕላስተር የጥቂት ሪያል ዕቃዎች ናቸው።

የፋቱራው ነገር

ቀደም ባሉት ዓመታት በሳውዲ መብራት እጅግ ርካሽ ነበር። እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው 5 ሃላላ ብቻ ይከፈልባቸው ነበር። በጥር 2018 በወጣው ታሪፍ ግን በወር እስከ 6,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ዋጋው 18 ሃላላ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 30 ሃላላ ሆነ። በዚያው ወር 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መጣ፤ በሐምሌ 2020 ታክሱ 15 በመቶ ደረሰ። ኤሲን ቀንና ሌሊት ከፍቶ የመኖር ልማድ የርካሹ ዘመን ልማድ ነው። ዘመኑ ቢያልፍም ልማዱ ከእኛ ጋር ቀርቷል።

እስቲ እናስላው። አንድ መካከለኛ የመስኮት ኤሲ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 2 ኪሎ ዋት ይጎትታል። ከክፍሉ ሙቀት የተነሣ ሞተሩ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 32 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 960 ይሆናል። 18 ሃላላው ከነታክሱ 20.7 ሃላላ ስለሆነ ሂሳቡ በወር ወደ 199 ሪያል ይመጣል። ክፍተቶቹ ተደፍነውና መስኮቱ ጥላ አግኝቶ ሞተሩ ከሚሠራበት ጊዜ ሲሶውን ቢያርፍ በወር 66 ሪያል ገደማ ይተርፋል። ሙቀቱ ሰባት ወር ይበረታል ብንል 460 ሪያል ያህል ነው።

ለአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዷ በዓመት 90 ሪያል ገደማ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ወሬ?» የምትል እህት አትጠፋም። እኛ ግን ገንዘቡ መከፋፈል የለበትም እንላለን። 460 ሪያል በክፍሉ ስም አንድ ላይ ቢቀመጥ፣ አንዷ ድንገት ስትታመም ሐኪም ቤት የምትሄድበት፣ ወይም ሥራ ያጣችው እህት የወር ኪራይ ድርሻዋ የሚሸፈንበት መነሻ ይሆናል። እቁብ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ይህን ለማደራጀት አስተማሪ አያስፈልገንም። ስም ያልተሰጠው ትርፍ ሳናውቀው ያልቃል። ስለዚህ ፋቱራው በቀነሰበት ወር ልዩነቱን በዚያው ቀን ሰብስቦ ለታመነች አንዲት እህት መስጠት ነው።

የቀደሙት ሰዎች ምን ያውቁ ነበር?

በጅዳ አል-በለድ የሚባለውን አሮጌ ሠፈር ያላየ የለም። የዚያ ሠፈር ቤቶች ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ናቸው። ከመስኮቶቹ ፊት ረዋሺን የሚባለው ከእንጨት የተፈለፈለ ሰገነት ወደ ውጪ ወጥቶ ይታያል፤ ንፋስን ያሳልፋል፣ ፀሐይን ግን ያግዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የነሲፍ ቤት ዛሬም ይጎበኛል፤ ሠፈሩም በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚያ ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውም፤ ፀሐይ መስታወት ነክታ ከገባች በኋላ መጋረጃ ብዙ እንደማይረዳ፣ መከልከል ያለባት ከውጪ መሆኑን ግን ያውቁ ነበር።

በመካ የሚሠሩ እህቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ ይህ ጽሑፍ ለእነሱም ነው፤ ሙቀትም ስደትም ሃይማኖት አይጠይቁምና። በሐረሙ አደባባይ ላይ በባዶ እግራቸው የረገጡ ሁሉ ነጩ እምነ በረድ በቀትር ፀሐይ እንደማያቃጥል ያውቃሉ። ከግሪክ አገር ከታሶስ ደሴት የመጣው ይህ ድንጋይ የፀሐይን ጨረር መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ነው። በጥቁር ሬንጅ የተሸፈነ ጣሪያ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ቀኑን ሙሉ የፀሐዩን ሙቀት ጠጥቶ ማታ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። የመጨረሻ ፎቅ ላይ የምትኖሩ እህቶች ፀሐይ ከገባች በኋላ ክፍላችሁ ይበልጥ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

በ2010 በወጣ የንጉሥ ትእዛዝ በሳውዲ አዳዲስ ሕንፃዎች የሙቀት መከላከያ እንዲደረግላቸው ግዴታ ሆኗል። እኛ በአቅማችን የምንከራያቸው ቤቶች ግን በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሥራው የእኛው ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ክፍተት መፈለግ ነው። ማታ መብራት አጥፍቶ፣ አንዷ ከውጪ ባትሪ እያበራች ሌላዋ ከውስጥ ብትመለከት ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ሙቀት የሚገባበት ነው። የመስኮት ኤሲ የተተከለበት ቀዳዳ ዙሪያው በአብዛኛው ክፍት ነው፤ በስፖንጅና በሰፊ ፕላስተር ይዘጋል። የበሩን ሥር አሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ ሰፍቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ካለ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል። ባለቤቱን አስፈቅዶ ከውጪ ሸራ ወይም ቀርከሃ ማንጠልጠል ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ ካርቶን ላይ ፎይል ለጥፎ የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ውጪ ማዞር ነው። ከጣሪያ ሥር ለምትኖሩ ደግሞ ባለቤቱ ጣሪያውን ነጭ ቀለም እንዲያስቀባ፣ ካልሆነም የቀለሙን ግማሽ ዋጋ አዋጥታችሁ ራሱ እንዲያስቀባው ጠይቁ። እንቢ ማለት ይችላል፤ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ የኤሲውን ማጣሪያ በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ያለው ኤሲ ድምፅ ያሰማል፣ ሂሳብ ያስቆጥራል፣ ቅዝቃዜ ግን አይሰጥም። ከዚያም 18 ዲግሪ ላይ አድርጎ ብርድ ልብስ መከናነብን ትቶ 24 ወይም 25 ላይ ማቆምና ማራገቢያ መጨመር ይሻላል። 18 ላይ ማድረጉ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ሞተሩን ረጅም ጊዜ ያሠራዋል እንጂ።

አራተኛ፣ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሙቀትና እርጥበት አለመጨመር። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። ኤሲ በሚሠራበት ክፍል እንጀራ መጋገር ማለት አንድ ጊዜ ለማሞቅ፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በማለዳ፣ የወጥ ቤቱን በር ዘግቶ መስኮቱን ከፍቶ መጋገር ይሻላል። እርጥብ ልብስም ክፍል ውስጥ አይሰጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በውኃ የሚሠራውን የበረሃ ማቀዝቀዣ ርካሽ ነው ብላችሁ በጅዳ አትግዙ። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ውኃ ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ ነው። ጅዳ የባሕር ዳር ከተማ በመሆኗ አየሩ ራሱ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ላብ ከመጨመር በቀር ብዙም አይረዳም። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው ከባሕር በራቁ ከተሞች ግን ይጠቅማል።

ቁጠባ ራስን መበደል አይደለም

አንዳንድ እህቶች ፋቱራውን የሚቀንሱት ኤሲውን ጨርሶ በማጥፋት ነው። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በ2024 የሐጅ ወቅት በመካ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቦ፣ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳውዲ መንግሥት አስታውቋል። ብዙዎቹ የሐጅ ፈቃድ ስላልነበራቸው ጥላና ማቀዝቀዣ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ሙቀት የሚገድለው ሽማግሌ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲያጥብና ሲተኩስ የዋለ ሰውነት ሌሊት ካላረፈ ይታመማል። አንድ ቀን ሐኪም ቤት መተኛት የዓመቱን ቁጠባ ይበላል። ክፍሉን የምንደፍነው ኤሲው ጥቂት እየሠራ እንዲበቃን እንጂ ያለ እርሱ እንድንሰቃይ አይደለም።

ሌላው አደጋ የከሰል ነው። ቡና ስናፈላና ዕጣን ስናጨስ ከሰል እናቀጣጥላለን። በአገር ቤት በሩ ክፍት፣ ጣሪያው አየር የሚያስገባ ስለሆነ ችግሩ አይታወቀንም። ክፍተቱ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ግን ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ተኝተን ሳለን ይገድላል። ስለዚህ ክፍላችሁን የደፈናችሁ እህቶች ከሰል ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ተስማሙ። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ዕጣኑም መስኮት ተከፍቶ ይጨሳል።

እሳትም አይረሳ። በ1997 በሚና የሐጃጆች ድንኳኖች በተነሣ እሳት ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድንኳኖቹ እሳት በማይዛቸው የተተኩት። ስፖንጅ፣ ካርቶንና ፎም እሳት ይወዳሉ፤ ከምድጃና ከሶኬት አርቋቸው። ኤሲና ምጣድ በአንድ ማራዘሚያ ገመድ አይሰኩ።

በአሠሪ ቤት ለምትኖሩ

በአሠሪ ቤት የምትኖር እህት ፋቱራ አትከፍልም፤ «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» ትል ይሆናል። ይሁን እንጂ የሠራተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወይም ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች፣ ከቤቱ ሁሉ ይበልጥ የምትሞቅ ክፍል ናት። እርስዋ የምታተርፈው እንቅልፏን ነው። በ2013 የወጣው የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያ እንዲሰጥና ሠራተኛዋ በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንድታገኝ ያዝዝ ነበር። በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ደንብ ደግሞ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ፣ የበር ሥር ጨርቅና የታጠበ ማጣሪያ መጠየቅ ልመና አይደለም። ማዳሟን በሚገባት ቋንቋ መጠየቅም ይቻላል፦ «ማዳም፣ ይህ ከተደፈነ ፋቱራችሁ ይቀንሳል» ማለት ብዙ ጊዜ ከቅሬታ ይበልጥ ይሰማል።

ጊዜያዊ ላልሆነው ቤት

የመጨረሻው ጉዳይ ዋናው ነው። ብዙዎቻችን ከወሎ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሐርቡና ከቆቦ የመጣን ነን። በላክነው ገንዘብ ወንድም ወይም አባት ቤት እያሠራ ነው። የሣር ክዳኑ ይወርዳል፣ ቆርቆሮ ይወጣል፣ ግድግዳው ብሎኬት ይሆናል። ፎቶው ሲላክልን እናለቅሳለን፤ ይገባናልም። ግን በቆላው አገር ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አያነጋግርም። አያቶቻችን የሠሩት ጎጆ ወፍራም ሣሩና ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃው ሙቀትንም ብርድንም ይመልስ ነበር።

ወደ ሣር ክዳን እንመለስ አንልም። ቆርቆሮው አያፈስም፣ በየዓመቱ ይታደስም አይልም። ነገር ግን ገንዘብ ስትልኩ የብረት በሩና ባለ ቀለሙ አጥር ከመሠራቱ በፊት ኮርኒስ ይግባ በሉ። ችፕውድ ካልተቻለ አቡጀዲ፣ አቡጀዲ ካልተቻለ ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢትም ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታመቀው ሙቀት እንዲወጣ ከጣሪያው ጥግ በሁለቱም ወገን ቀዳዳ ይተው። መስኮቶቹ በተቻለ መጠን ወደ ምዕራብ አይዙሩ፤ ወደ ምዕራብ ባለው ወገን ዛፍ ይተከል። ይህን ሁሉ ከግንባታው በፊት መናገር ነው እንጂ ካለቀ በኋላ ማፍረስ ይመጣል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የምንልከው ሪያል ብዙ ብር ቢሆንም ዕቃውም አብሮ ተወዷል። ሁለት ጊዜ የሚሠራ ቤት አቅማችን አይደለም።

ጌታችን በአምስት እንጀራ ብዙ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይጣል አሰብስቦታል፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞልቷል። ከምንም እንጀራ ማብዛት የሚችል እርሱ ቁርስራሹን ካልናቀ፣ በላባችን የምናገኘውን ሪያል በበር ሥር ልንለቀው አይገባም። ማባከንን እስልምናም ያወግዛል፤ በዚህ ከሙስሊም እህቶቻችን ጋር ልዩነት የለንም።

በዚህ ሳምንት ከሥራ በምታርፉበት ቀን አንድ ሰዓት ወስዳችሁ ክፍላችሁን ዙሩት። የተገኘውን ቀዳዳ ድፈኑ፣ ማጣሪያውን እጠቡ፣ የዚህን ወር ፋቱራ አስቀምጡና ከሚቀጥለው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱን በክፍሉ ስም አኑሩት። ስንት እንደተረፈ ጻፉልንና ለሌሎች እህቶች እናካፍላለን።

እግዚአብሔር የላባችሁን ፍሬ ለመብላት ያብቃችሁ። አሜን።